ምጥን ዱቄት፦ 14 ዓይነት እህል ለምን? (ከ6 ወር በላይ ላሉ ሕፃናት)

ቀበና ድልድይ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

በቴሌግራም እየዞረ ያለው የሕፃናት ምጥን ዝርዝር ይኸውላችሁ፦ ነጭ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ፣ ተልባ፣ ሰሊጥ። ሁሉም እኩል ግማሽ ግማሽ ኪሎ ታምሶ አንድ ላይ ይፈጫል፣ ለ3 ወር ይቀመጣል፣ በቀን ሁለቴ አጥሚት ተሠርቶ በጡጦ ይሰጣል ይላል።

ልጁ 7 ወሩ ነው፤ ጡት ይጠባል፤ ክብደቱ 7.5 ኪሎ። ከዝርዝሩ የሚወጣውና የሚቀረው የቱ ነው? ልኩስ? አጥሚቱ ምን ያህል ይወፍር? መርካቶ ከመውረዴ በፊት ዕውቀቱ ያላችሁ ብትመልሱልኝ።

ነጭ ጋውን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

የዝርዝሩ ትልቁ ስህተት ብዛትን እንደ ጥራት መቁጠሩ ነው። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ሩዝና ማሽላ ስማቸው ሰባት ይሁን እንጂ በምግብ ምድብ ቆጠራ አንድ ናቸው። ሽምብራው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ አኩሪ አተሩ፣ ለውዙ፣ ተልባውና ሰሊጡም ተደምረው አንድ። ስለዚህ 14ቱ እህል ሁለት ምድብ ብቻ ነው የሚሸፍነው።

ከ6 እስከ 23 ወር ላለ ልጅ የሚቆጠሩት ምድቦች 8 ናቸው፦ የእናት ጡት ወተት፤ እህልና ሥራ ሥር (ድንችም ቆጮም እዚህ ይገባሉ)፤ ጥራጥሬና የቅባት እህል፤ ወተትና የወተት ተዋጽኦ፤ ሥጋ፣ ጉበትና ዓሣ፤ እንቁላል፤ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ አትክልትና ፍራፍሬ፤ ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬ። በቀን ቢያንስ 5 መሟላት አለበት። ጡት የሚጠባ ልጅ ከምጥኑ ጋር 3 ላይ ነው ያለው። ግማሽ እንቁላልና አንድ ቁራጭ ዱባ ሲጨመር 5 ሞላ። ሰባት እህል ላይ ስምንተኛ መጨመር ግን እዚያው 3 ላይ ያስቀራል።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በዚህ ዕድሜ ካሉ ልጆች በስብጥርም በድግግሞሽም የሚበቃውን ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ልጆች 38 በመቶ፣ የአዲስ አበባ ደግሞ 15 በመቶ ቀንጭረው ተገኝተዋል። ገበያው ደጃፉ በሆነ ከተማ 15 በመቶ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ልኩን በተመለከተ፦ 3 እጅ እህል ለ1 እጅ ጥራጥሬ። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ እሱ አለው፣ ሜታዮኒን ግን ያንሰዋል፤ ሲገናኙ ይሟላሉ። ፋፋም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ ሲጀመር የተነሳው ከዚሁ ሐሳብ ነው፦ ስንዴ፣ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት። አሥራ አራት እህል ያኔም አላስፈለገም።

የኔ ምርጫ ሁለት እህልና አንድ ጥራጥሬ ነው፦ 750 ግራም ጤፍ፣ 750 ግራም ገብስ ወይም አጃ፣ 500 ግራም ሽምብራ። ይህ 2 ኪሎ ለአንድ ልጅ ከአንድ ወር ትንሽ ያልፋል። እያንዳንዱን ግን መጀመሪያ ለብቻው ለ2 ወይም ለ3 ቀን ማስለመድ ነው። 14 እህል በአንድ ቀን የቀመሰ ልጅ ሰውነቱ ሽፍ ቢል ጥፋተኛውን ማን ያውቃል?

እህል በረንዳ 3ኛ መስመር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ስለ ግዢው እኔ ልበል።

አንደኛ፣ ጓያ። ይህን ሳያነሱ ስለ ምጥን ማውራት አይገባም። ጓያ ርካሽ ስለሆነ ከክክና ከሽሮ ዱቄት ጋር ይቀላቀላል። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግር የሚያሽመደምድ መርዝ አለው፤ መዘፍዘፍ ይቀንሰዋል እንጂ አይጨርሰውም። ተፈጭቶ ወይም ተከክቶ ከመጣ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ለሕፃን ያልተከካ ሙሉ ሽምብራ ይገዛል። የሽምብራ ፍሬ ድቡልቡል ሆኖ ጫፉ ላይ ምንቃር መሳይ ሹል አለው፤ ጓያ ጠርዛማ ነው፣ የመጥረቢያ ስለት ይመስላል። በሰፌድ ላይ ሲዘረጋ ዓይን ይለየዋል።

ሁለተኛ፣ እንክርዳድ። በገብስና በስንዴ ውስጥ ይገባል፣ ያሰክራል፣ ያስታውካል። ትልቅ ሰው «ራሴን አዞረኝ» ይላል፤ የ7 ወር ልጅ ምን ብሎ ይናገር።

ሦስተኛ፣ ለውዝ። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ሻጋታ የነካው ወይም የሚመር ፍሬ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ማመስ ሻጋታውን ቢገድልም መርዙን አያጠፋውም። በፍሬው ገዝቶ አንድ በአንድ መልቀም ብቻ ነው መፍትሔው፤ ተፈጭቶ በኪሎ የሚሸጠው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው የፈጨው ነው። በቆሎም እርጥበት ካገኘው እንደዚያው ነው።

አኩሪ አተር በቤት ለሚሠራ ምጥን ብዙ ጣጣ አለው። ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መቀቀል፣ ገለፈቱን አሽቶ ማውጣት፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ማመስ ይጠይቃል። በደረቁ ብቻ ከታመሰ ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ጊዜ ከሌለ ሽምብራ ይበቃል።

ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ደግሞ ድንጋዩ ላይ የሌላ ሰው ዱቄት፣ አንዳንዴም በርበሬ ይቀራል። መጀመሪያ ለእንጀራ የሚሆን ከ2 ኪሎ ያላነሰ ጤፍ አስፈጭቶ ለብቻው መያዝ፣ ከዚያ የልጁን ማስከተል። ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ስለሚወጣ ወዲያው ከታፈነ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ቤት ገብቶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በስሱ ተዘርግቶ በደንብ ሲበርድ ነው ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ የሚገባው።

ቀበና ድልድይ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:34

ተልባውና ሰሊጡስ? «ለአእምሮ» ተብሎ ተጽፏል።

እህል በረንዳ 3ኛ መስመር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:41

የቅባት እህል ከምጥኑ ጋር አይፈጭም። ዘይቱ አየር ሲያገኘው ይበላሻል፤ ተልባ ደግሞ ከሁሉም ይፈጥናል። 3 ወር የተቀመጠ ዱቄት የቆየ የዘይት ሽታ የሚሸተው ለዚህ ነው። ለውዝም ሰሊጥም ለብቻ በትንሹ ተወቅጦ፣ ለሳምንት የሚሆን ብቻ ተይዞ፣ ገንፎው ሲበስል አንድ የሻይ ማንኪያ ይጨመራል። የለውዝ ፍሬ በቁሙ ለልጅ አይሰጥም፤ ያንቃል።

ብቅል አብቃይ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:05

ሁላችሁም ዱቄቱ ላይ ናችሁ፤ ልጁ የሚራበው ግን በውሃው ነው።

ቁጥሩን እንይ። የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ ክብደቱ 30 ግራም ያህል ነው። 7.5 ኪሎ ከሆነ 225 ግራም ያህል መሆኑ ነው፤ ያ ጥግ ድረስ ሲሞላ ነው፣ በተግባር ግን 150 በሉት። ጡት የሚጠባ ልጅ ከ6 እስከ 8 ወር ከተጨማሪ ምግብ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈልጋል፤ ከ9 እስከ 11 ወር 300፤ ከ12 እስከ 23 ወር 550።

በጡጦ ጡት ውስጥ የሚያልፍ አጥሚት 100 ግራሙ ላይ ያለው ዱቄት ቢበዛ ከ5 እስከ 8 ግራም ነው። 8 ግራም እንበል፦ 150 ግራም አጥሚት 12 ግራም ዱቄት፣ ወደ 42 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። በቀን ሁለቴ 84። ከሚፈለገው ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ ልጁ ግን ሆዱ ስለተነፋ ጠግቧል፣ ጡቱንም ይተወዋል። «ይበላል ግን አይወፍርም» የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን ዱቄቱን ወደ 20 ግራም ከፍ አድርጉ፦ 150 ግራሙ 105 ኪሎ ካሎሪ፣ ሁለቴ 210። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ ከ40 ኪሎ ካሎሪ ያላነሰ ይጨምርበታል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ማንኪያ ሲዘቀዘቅ ገንፎው እየቀረረ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል፣ ተይዞ ቆይቶ ዱብ የሚል ከሆነ ልክ ነው።

ችግሩ 20 ግራም ላይ ገንፎው እንደ ጭቃ ይይዛል፤ ጥርስ ያላወጣ ልጅ አይውጠውም። እዚህ ጋ ነው ብቅል የሚገባው። ሲበቅል ገብሱ ውስጥ የሚፈጠረው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ስታርቹን ስለሚቆራርጠው፣ ዱቄቱ ሳይቀነስ ገንፎው ይላላል።

አሠራሩ፦ ሩብ ኪሎ ገብስ ለቅሞ ማጠብ፤ አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ፤ ማጥለልና በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፤ ከ2 እስከ 3 ቀን ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። ቡቃያው የፍሬውን ቁመት ሲያህል በስሱ አስጥቶ በፀሐይ ማድረቅ፤ ሥሩንና ቡቃያውን አሽቶ ማራገፍ፤ መፍጨት። አይታመስም። ከታመሰ ኢንዛይሙ ይሞትና ተራ ዱቄት ይሆናል። ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም እጃችን እህልን ሁሉ ማመስ ለምዷል።

ሲሠራ፦ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 4 ልጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ ምጥን (ወደ 40 ግራም)፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ሳያቋርጡ እያማሰሉ 10 ደቂቃ ማብሰል። ከእሳት አውርዶ 5 ደቂቃ ያህል ማቆየት፤ በጣም ከፈላ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ በጣም ከቀዘቀዘ አይሠራም፤ ወደ 60 ዲግሪ ነው የሚወደው። አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሮ ማማሰል፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ። ዓይናችሁ እያየ ይላላል። ከዚያ መልሶ 3 ደቂቃ ማፍላት። ይህ አይዘለልም፤ ጥሬ ዱቄት ነው የገባው፣ ጀርም አለው።

የማሽላ ብቅል ለልጅ አይሁን፤ ቡቃያው ሳያናይድ የሚያመነጭ ነገር አለው።

ጤና ጣቢያ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:30

የብቅል አብቃይን ስሌት እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጡጦውን ተዉት። በኩባያና በማንኪያ ይሁን። የጡጦው ጡትና አንገቱ ላይ የሚቀረው አጥሚት እንዲህ በቀላሉ አይጸዳም፤ በዚያ ላይ የውሃው ፈረቃ አለ። ከሮቶም ይቀዳ ከጀሪካን፣ የተጠራቀመ ውሃ ይፈላ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ነው። ስለዚህ መንደቅደቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ጥራጥሬም እዚህ የሚቸክለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የቆላ ሰው «በግማሽ ሰዓት ይበስላል» ያላችሁን ለሽምብራ አትመኑ።

መጠን፦ በ6 ወር ሲጀመር 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ በቀን ሁለቴ፤ እስከ 8 ወር ቀስ በቀስ የ250 ሚሊ ኩባያ ግማሽ፣ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ። ከ9 ወር ጀምሮ ግማሽ ኩባያ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በመሃል መክሰስ። ዓመት ሲሞላው ከሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ ኩባያ። ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

እንቁላል በደንብ የበሰለ ከሆነ ከ6 ወር ጀምሮ ይቻላል። ማር ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ፤ ለአዋቂ የማይጎዳው የቦቱሊዝም (ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ) ዘር ሕፃን አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል። ጨውና ስኳርም ከዓመት በፊት አያስፈልጉም።

ትልቁ የከተማ ችግር ደግሞ ፔርሙዝ ነው። እናት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አጥሚቱን ፔርሙዝ ውስጥ ጨምራ ትወጣለች፤ ሞግዚቷ 4 ሰዓት፣ 7 ሰዓት፣ 10 ሰዓት ላይ ትቀዳለች። ለባክቴሪያ ለብ ካለ የእህል ምግብ የበለጠ የተመቸ ቤት የለም። የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። በፔርሙዙ የፈላ ውሃ ብቻ ይቀመጥ፤ ለቀኑ ደግሞ ምድጃ የማይፈልግ ነገር ይዘጋጅ፦ ከነቅርፊቱ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ በሰዓቱ የሚቆረጥ አቮካዶ። የታለበ የጡት ወተት በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የወሊድ ፈቃዱ 30 ቀን ከመውለድ በፊት፣ 90 ቀን ከወለዱ በኋላ ስለሆነ 6 ወር ሳይሞላ ወደ ሥራ የምትመለስ እናት ይህን ማወቅ አለባት።

ጤፍ ወዳድ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:10

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ጤፍ ብቻውን አይረን የሞላበት አይደለም እንዴ? ቀይ ጤፍ ገንፎ ቢሰጠው ደም ማነስ ከየት ይመጣል?

ነጭ ጋውን | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:25

ወንድሜ፣ ጤፍ ላይ የሚለካው አይረን ከፊሉ የጤፉ ሳይሆን የአውድማው ነው። መሬት ላይ በበሬ ሲወቃ ያ ደቃቅ ፍሬ አፈር ይዞ ይመጣል፤ የአፈር አይረን ላቦራቶሪ ውስጥ ይቆጠራል፣ አንጀት ግን እምብዛም አይቀበለውም። የፍሬው የራሱ አይረን ደግሞ ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሯል። እንጀራ ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ሳይቦካ የሚሠራ ገንፎ ግን ያንን አያገኝም። ምጥኑን በውሃ በጥብጦ በእርሾ ማሳደርና በማግስቱ ማብሰል ይረዳል፤ ጥቂት መጎምዘዙን ልጆች ይለምዱታል።

ከ7 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊ ግራም አይረን ያስፈልገዋል፤ ሲወለድ ይዞት የመጣው ክምችት 6 ወር አካባቢ ያልቃል። ይህንን ገንፎ ብቻውን አይሞላም። ጉበት በሳምንት አንድ ወይም ሁለቴ፣ የሥጋ ቁንጥር ተፈጭቶ፣ ገንፎው ላይ ብርቱካን ጭማቂ ወይም ፓፓያ (ቫይታሚን ሲው አይረኑን ያሳልፈዋል)። ሻይ ፈጽሞ አይሰጥ፤ አይረኑን ያስረዋል።

የደም ምርመራ ውጤት ስታነቡ ደግሞ ከፍታውን አትርሱ። እዚህ ከፍታ ላይ ሰውነት ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል) ይጨምራል፤ ስለዚህ መተሐራ ላይ «ደህና» የሚባል ቁጥር አራት ኪሎ ላይ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ በከፍታ ተስተካክሎ እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

4ኛ ፎቅ ያለ ሊፍት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

እንቁላል፣ ጉበት፣ ቅቤ ትላላችሁ። ሑዳዴ ሲገባስ? 55 ቀን ነው፤ ሥጋ ቤቱም ይዘጋል።

ጤና ጣቢያ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ሕፃኑ አይጾምም፤ ድስቱ ግን ይጾማል። ችግሩ እምነቱ አይደለም፤ ዕቃው «ይነካካል» ተብሎ ለልጁ የፍስክ ምግብ ሳይሠራ መቅረቱ ነው። መፍትሔው ከጾሙ በፊት ለልጁ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት፣ ቢላ፣ መክተፊያና ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ነው፤ ቀለሙ የተለየ ቢሆን ሞግዚቷም አትሳሳትም። ከነቅርፊቱ የሚቀቀል እንቁላል ደግሞ ማንንም አይነካም።

ጉበትና ቀይ ሥጋ ከቅበላ በፊት ተገዝቶ፣ በ30 ግራም በ30 ግራም ተቆራርጦ፣ ለየብቻ ታሽጎ ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ይግባ። አንዴ የቀለጠ መልሶ አይቀዘቅዝም። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ይህ አይመከርም፤ እንቁላልና የወተት ዱቄት ይሻላል።

የምታጠባዋ እናት በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም ሁለት ቀለል ያለ ምግብ መጨመር አለባት። ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር።

አወያይ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

ርዕሱ ስለ ምግብ ቢሆንም፣ የላይኛው ክንድ ዙሪያ ልኬት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች ካበጡ ምጥን አይደለም መልሱ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 መካከልም ክትትል ያስፈልገዋል። ይህ ልኬት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ነው።

ተቅማጥ ሲይዘውም ምግብ አይቋረጥም። ኦአርኤሱ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ ይበጥበጥ፤ የ1 ሊትሩ በ1 ሊትር የፈላና የበረደ ውሃ፣ ግማሽ ፓኬት በግምት አይሆንም። ዚንክ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ለ10 ቀን፤ ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ቢቆምም እስከ 10 ይጨረስ። ከ6 ወር በታች ከሆነ 10 ሚሊ ግራም።

ቀበና ድልድይ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:30

አመሰግናለሁ። እንግዲህ ጤፍ 750፣ ገብስ 750፣ ሙሉ ሽምብራ 500 ግራም፤ ለውዝ ለብቻ፤ በኩባያ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ፦ ብቅሉን ከማብቀል ለጠላ የሚሸጠውን ተፈጭቶ ያለውን ብቅል ብገዛስ?

ብቅል አብቃይ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:52

ይቅር። የጠላ ብቅል ሲደርቅ ለጠላ ነው የሚታሰበው፤ ትንሽ ቢሻግት ጠማቂዋ አትጨነቅም። ተፈጭቶ ከሆነ ደግሞ ሻጋታውንም፣ የበቀለው ገብስ ይሁን ሌላ እህል ማየት አይቻልም። ሩብ ኪሎ አብቅል፤ በቀን ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢገባ ለሳምንታት ይቆይሃል። ክረምት ከሆነና ፀሐይ ከሌለ ደግሞ በትንሹ፣ አንድ ኩባያ ብቻ፤ በሁለት ቀን ካልደረቀ ሽታው ይነግርሃል፣ ያኔ ደፍተህ እንደገና ጀምር።

እህል በረንዳ 3ኛ መስመር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:10

ወፍጮ ቤት ሩብ ኪሎ አይፈጩልህም፤ ቡና መፍጫ ይበቃዋል። ቡናውን ግን በደንብ ጥረግ።